ዶሮን ከፈንግል መከተብ፦ ከብልቃጡ እስከ ዓይን ጠብታው

«አስከትቤ ነበር፤ ግን አለቁብኝ» የሚል ዶሮ አርቢ በየሰፈሩ አለ። ብዙዎቹ ክትባቱን ይረግማሉ። «የተበላሸ ነው የሸጡልኝ» ይላሉ። አንዳንዴ እውነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ክትባቱ የሚበላሸው ከመደብሩ ከወጣ በኋላ፣ መንገድ ላይና ግቢ ውስጥ ነው።

ምክንያቱ ይሄ ነው። የፈንግል ክትባት በሕይወት ያለ፣ ለዶሮ ለዘብ ያለ ቫይረስ ነው። ሥራውን የሚሠራው እስከነሕይወቱ ዶሮዋ ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው። ሙቀት ይገድለዋል። ፀሐይ ይገድለዋል። ክሎሪንና ሳሙና ይገድሉታል። ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ ሰዓቱ ራሱ ይገድለዋል። ከታች ያለው ትእዛዝ ሁሉ ይህን ቫይረስ እያንዳንዷ ዶሮ ጋ እስኪደርስ በሕይወት ለማቆየት ነው።

መመሪያው ከ10 ጀምሮ እስከ ጥቂት መቶ ዶሮ ላላችሁ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ነገር እወቁ

ክትባት መድኃኒት አይደለም። ፈንግል ግቢያችሁ ከገባ በኋላ ብትከትቡ የታመመችውን አያድናትም። ቫይረሱን ቀድማ የያዘች፣ ገና ምልክት ያላሳየች ዶሮም ከክትባቱ በኋላ ልትሞት ትችላለች። «ከተብኳት፣ ሞተች» የሚባለው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ሁለተኛ፣ የፈንግል ክትባት የወፍ ጉንፋንን አይከላከልም። ሁለቱ በሽታዎች በዓይን ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ቫይረሳቸው ግን የተለያየ ነው።

ደረጃ 1፦ የትኛውን ክትባት እንደምትፈልጉ ወስኑ

በአገራችን በብዛት የሚሠራባቸው ሦስት ናቸው። ሦስቱም ቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ይመረታሉ።

ኤች ቢ ዋን የጫጩት የመጀመሪያ ክትባት ነው። ከተፈለፈሉበት ቀን ጀምሮ እስከ አንድ ሳምንት ባለው ጊዜ በዓይን ጠብታ ይሰጣል።

ላሶታ ማጠናከሪያ ነው። ጫጩቶቹ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ሲሞላቸው ይሰጣል። ከዚያ ቄቦቹ እንቁላል ከመጀመራቸው በፊት ይደገማል፤ ቀጥሎም በየሦስት ወሩ ገደማ። ኤች ቢ ዋን ላላገኘ ትንሽ ጫጩት ላሶታን የመጀመሪያ አታድርጉት። ይከብደዋል፤ ማስነጠሱም ይበረታል።

አይ ቱ ሙቀትን የሚችለው ክትባት ነው። ለገጠርና ፍሪጅ ለሌለበት ቦታ የተዘጋጀ ነው። በዓይን ጠብታ ለጫጩትም ለትልቅም አንድ ጠብታ ይሰጣል፤ በየሦስት ወይም አራት ወሩ ይደገማል። ሙቀት ይችላል ማለት ግን ፀሐይ ላይ ይቀመጣል ማለት አይደለም።

የ45 ቀን ጫጩት ከገዛችሁ ሻጩን «ምን ምን ተከትበዋል? በስንት ቀናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ አጥብቁ። «ሁሉንም ተከትበዋል» የሚለው መልስ አይበቃም፤ ቀጣዩን ቀን የምትቆጥሩት ከመጨረሻው ክትባት ተነስታችሁ ነውና። የጉምቦሮ (ሌላ የጫጩት ቫይረስ በሽታ) ክትባትም ካለ ቀኖቹ እንዳይጋጩ የእንስሳት ሐኪሙ ፕሮግራሙን ያውጣላችሁ። ሁለቱን በራሳችሁ ውሳኔ በአንድ ቀን አትስጡ።

ደረጃ 2፦ ቀኑን ቁረጡ

ፈንግል የሚበረታው ክረምት ሲገባ እና በበዓል ሰሞን ዶሮ ከገበያ ገበያ ሲዘዋወር ነው። ክትባቱ ደግሞ ዶሮዋን መጠበቅ የሚጀምረው ከተሰጠ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ስለዚህ የበዓል ዋዜማ መከተብ ዘግይቷል።

በየአራት ወሩ ለምትከትቡ ይህ አቆጣጠር ይመቻል፦ ነሐሴ መጀመሪያ፣ ኅዳር መጨረሻ፣ መጋቢት መጨረሻ። እንቁጣጣሽን፣ ገናንና የክረምቱን መግቢያ፣ በአብዛኛውም ፋሲካን ይቀድማል።

ዶሮዎቻችሁ ጥቂት ከሆኑ ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩ። አንድ ብልቃጥ ለ100 ዶሮ ከሆነና እናንተ 20 ካላችሁ 80ው ሊደፋ ነው። አራት አምስት ቤት በአንድ ጠዋት ቢከትብ ወጪው ይቀንሳል፤ በሽታውም ከአጥር አጥር መዝለያ ያጣል። እኔ ብጠየቅ የሰፈሩን ሰው ማስተባበሩን ከክትባቱ ግዢ አስቀድመዋለሁ።

ደረጃ 3፦ ዶሮዎቹን ከሦስት ቀን በፊት እዩ

የምትከተበው ጤነኛ ዶሮ ብቻ ናት። የምታስነጥስ፣ ላባዋን አንጨፍርራ የምትቆም፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ያላት ካለች አቁሙ። መጀመሪያ ባለሙያ ይያት። አንዷ ላይ ምልክት አይታችሁ ሌሎቹን ለማዳን ብትጣደፉ፣ ከአንዷ ወደ አንዷ እያላችሁ በእጃችሁ በሽታውን ልታዳርሱት ትችላላችሁ።

በዚህ ጊዜ ቁጠሩ። ጫጩት፣ ቄብ፣ አውራ፣ እንቁላል ጣይ፣ ሁሉንም። 130 ዶሮ ካላችሁና ብልቃጡ የ100 ከሆነ ሁለት ብልቃጥ ግዙ። አንዱን በማቅጠን ለ130 አታብቃቁ። ግማሽ መጠን ያገኘች ዶሮ የተከተበች ትመስላችኋለች እንጂ አልተከተበችም።

ደረጃ 4፦ ግዢና ጉዞ

1. ከመውጣታችሁ በፊት አይስ ቦክስ ወይም ፔርሙዝ ከነበረዶው አዘጋጁ። ሁለቱም ከሌሉ ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ መያዝ ትችላላችሁ።
2. መደብሩ ክትባቱን ከየት እንደሚያወጣው በዓይናችሁ እዩ። ከፍሪጅ ይውጣ። ከመደርደሪያ ላይ የተነሳ ኤች ቢ ዋን ወይም ላሶታ አትግዙ።
3. ብልቃጡን አንብቡ፦ ስሙ፣ የሚያበቃበት ቀን፣ የዶዙ ብዛት (ለስንት ዶሮ እንደሚበቃ)። የውስጡ ደረቅ እንክብል ሙሉ መሆን አለበት። ከረጠበ ወይም ክዳኑ ከላላ መልሱት።
4. ማሟሟያ ፈሳሽ አብሮ ካለው ተቀበሉ። ከሌለው ከመድኃኒት ቤት ዲስቲልድ (በእንፋሎት የተጣራ) ውሃ ግዙ። ጋራዥ የሚሸጠው የባትሪ ውሃ አይሆንም፤ አሲድ ሊሆን ይችላል፣ የዶሮዋን ዓይን ያጠፋል።
5. ብልቃጡ በረዶውን በቀጥታ አይንካ። በወረቀት ጠቅልሉት። የሚፈለገው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው።
6. በቀጥታ ወደ ቤት። ኪስ ውስጥ፣ የመኪና ዳሽቦርድ ላይ፣ ከዘንቢል ሥር ከትኩስ እንጀራ ጋር አይቀመጥ።

ቤት ፍሪጅ ካለ መሃል መደርደሪያው ላይ አድርጉት። በሩ ላይ አታድርጉት፤ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል። ፍሪጅ ከሌለ በምትከትቡበት ጠዋት ግዙ፤ አለዚያ አይ ቱን ምረጡ።

ደረጃ 5፦ ዘዴውን ምረጡ

ዶሮዎቻችሁ ከቤት ወጥተው የሚለቅሙ ከሆኑ የዓይን ጠብታ ብቻ ተጠቀሙ። የሚለቅም ዶሮ ከኩሬም ከዕቃ ማጠቢያም ይጠጣል፤ የመጠጥ ውሃ ክትባት አይይዘውም። ዝግ ቤት ውስጥ ያሉ ብዙ ዶሮዎች ከሆኑ ውሃው ይሆናል። ከ100 በታች ለሆኑት ግን ዝግም ቢሆኑ ጠብታውን እመርጣለሁ። ድካም አለው፤ ነገር ግን እያንዳንዷ ማግኘቷን በዓይናችሁ ታያላችሁ።

5ሀ፦ በዓይን ጠብታ

ዋዜማውን ማታ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ሳሉ በሩን ዝጉ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ሳይበተኑ ጀምሩ። ሁለት ሰው ያስፈልጋል፦ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ያንጠባጥባል።

*ጠብታውን ቁጠሩ።* ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው። ማንጠባጠቢያ ሁሉ አንድ ዓይነት ጠብታ አይጥልም። ክትባቱን ሳትነኩ፣ በባዶ ዲስቲልድ ውሃ ሞክሩ። በስሪንጅ 1 ሚሊ ሊትር ለክታችሁ ማንጠባጠቢያው ውስጥ ጨምሩና ስንት ጠብታ እንደወጣ ቁጠሩ። ከዚያ የዶዙን ብዛት ለጠብታው ቁጥር አካፍሉ። በ1 ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ከወጣ፣ ለ100 ዶዝ የሚያስፈልገው 5 ሚሊ ሊትር ነው። 30 ጠብታ ከወጣ 3.3 ገደማ ነው። ይህን ሳትሠሩ በግምት ከበጠበጣችሁ ወይ ክትባቱ ከ60 ዶሮ በኋላ ያልቃል፣ ወይ ሁሉም ቀጭን ጠብታ ያገኛሉ። ከክትባቱ ጋር የራሱ ማሟሟያና ማንጠባጠቢያ በልክ ከመጣ ግን የአምራቹን ልክ ተከተሉ።

1. እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ በንጹሕ ውሃ በደንብ አለቅልቁና አድርቁ።
2. የለካችሁትን ማሟሟያ ቀዝቀዝ አድርጉ። ከላዩ ትንሽ ወስዳችሁ ብልቃጡ ውስጥ ጨምሩ።
3. እንክብሉ እስኪሟሟ በቀስታ አዟዙሩ። አትናጡት፣ አረፋ አይሥራ።
4. የሟሟውን ወደ ቀረው ማሟሟያ መልሱ። ብልቃጡን በዚያው ፈሳሽ ሁለት ሦስት ጊዜ አለቅልቁ፤ ግድግዳው ላይ የሚቀር አለ።
5. ሰዓቱን ጻፉ። ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ያላችሁ 2 ሰዓት ነው።
6. ማንጠባጠቢያው ላይ በትንሽ በትንሹ ቅዱ። የቀረው በረዶው ጋ፣ ጥላ ውስጥ ይቆይ። የእጅ ሙቀትም ሙቀት ነው።
7. ያዡ ክንፎቿን ከሰውነቷ ጋር አቅፎ ይያዝ፤ ጭንቅላቷን ወደ ጎን አዘንብሎ አንዱ ዓይን ወደ ላይ እንዲያይ ያድርግ።
8. ማንጠባጠቢያውን ቀጥ አድርጋችሁ ከዓይኗ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉ። አንድ ጠብታ ጣሉ። ጫፉ ዓይኗን አይንካ።
9. ቶሎ አትልቀቋት። ጠብታው ተሰራጭቶ ስትጨፍንና ስትገልጥ እስክታዩ ጠብቁ። ፈሶ ጉንጯ ላይ ከወረደ ሌላ ጠብታ ድገሙ።
10. የተከተበችውን ወደ ሌላ ክፍል ወይም ከአጥሩ ወዲያ ልቀቁ። ከተቀላቀሉ መለየት አትችሉም።

መርፌ የተሰካበት ስሪንጅ ወደ ዶሮ ዓይን አታስጠጉ። ማንጠባጠቢያ ከሌለ መርፌውን ንቀሉት፤ ጠብታውንም እንደገና ቁጠሩ።

ለአንድ ሰፈር የምትዞሩ ከሆነ ሁሉንም ብልቃጥ በአንዴ አትበጥብጡ። አንዱን ጨርሱ፣ ቀጣዩን ክፈቱ።

5ለ፦ በመጠጥ ውሃ

ከሁለት ቀን በፊት ክሎሪን፣ በረኪና፣ ውሃ አጋር፣ ማናቸውም የውሃ መድኃኒት ከዶሮዎቹ ውሃ ይቁም። ከክትባቱ በኋላም አንድ ሙሉ ቀን አይግባ። ብዙ ቤት ለዶሮ የሚሰጠው ሎሚም እንዲሁ ነው፤ አሲዱ ቫይረሱን ይገድለዋል። ነጭ ሽንኩርቱንና ፌጦውንም ለዚያን ቀን ተዉት። አንቲባዮቲክም አትቀላቅሉ።

*ዋዜማ*

ነገ ክትባቱን በምትሰጡበት በዚያው ሰዓት ላይ፣ ዶሮዎቹን በተመሳሳይ መንገድ አስጠምታችሁ፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ስንት ሊትር እንደጠጡ ለኩ። የነገው የውሃ ልክ እሱ ነው። መለካት ካልቻላችሁ ለሚያድጉ ጫጩቶች ይህን ያዙ፦ ለ1000 ዶሮ ዕድሜያቸው በቀን ያህል ሊትር። 28 ቀን የሆናቸው 100 ጫጩቶች 2.8 ሊትር ይበቃቸዋል ማለት ነው። ለ100 ትልልቅ ዶሮ 4 ሊትር ያህል ነው። ቆላ ላይ ከዚህ ይበልጣል፤ ስለዚህ እዚያ መለካቱ ይሻላል።

መጠጫዎቹን በውሃና በብሩሽ ብቻ እጠቡ። ሳሙና፣ ኦሞ፣ በረኪና አይንካቸው። የፕላስቲክ ይሁኑ፤ የዛገ ቆርቆሮ ክትባቱን ያበላሻል። ቢያንስ ከሦስት ሁለቱ እጅ ዶሮ በአንድ ጊዜ መጠጣት የሚችሉበት መጠጫ ይኑር። ከሌለ ከጎረቤት ተዋሱ፤ አለዚያ ጉልበተኞቹ ጠጥተው ደካሞቹ ይቀራሉ።

ንጹሕ የጉድጓድ ወይም የምንጭ ውሃ ካለ እሱን ተጠቀሙ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክዳን በሌለው ሰፊ ዕቃ አሳድሩት፤ ክሎሪኑ ይቀንሳል።

*የክትባቱ ጠዋት*

1. ውሃቸውን አንሱ። ደጋ ላይ እስከ 2 ሰዓት፣ ቆላ ላይ ከ1 ሰዓት ያልበለጠ። መኖውን ተዉላቸው፤ እየበሉ ይጠማሉ።
2. በለካችሁት ውሃ ውስጥ ስቡ የወጣለት የዱቄት ወተት አሟሙ፦ ለ1 ሊትር 2.5 ግራም፣ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ያህል። 30 ደቂቃ ይቆይ። ወተቱ የቀረውን ክሎሪን ይይዛል። ስብ ያለው ወተት አይተካውም።
3. ብልቃጡን እዚያው ውሃ ውስጥ አጥልቃችሁ ክፈቱ። አሟሙ፣ አለቅልቁ፣ በንጹሕ የፕላስቲክ ማንኪያ አማስሉ።
4. ውሃውን ለሁሉም መጠጫ በአንዴ አዳርሱ። ጥላ ውስጥ ይቀመጡ።
5. ቤቱ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ተመላለሱ። የተኛችውን አስነሱ፤ ወደኋላ የቀረችውን ወደ ውሃው አቅርቧት።
6. ሰዓት ያዙ። ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ካለቀ ጥሩ ነው።
7. እስኪያልቅ ሌላ ውሃ አትስጡ። ካለቀ በኋላ ወዲያው ተራ ውሃ መልሱ።

ደረጃ 6፦ ከክትባቱ በኋላ

የተረፈውን አታስቀምጡ። ለነገም፣ ለከሰዓትም አይሆንም። ብልቃጡንና ትርፉን አፍሉት ወይም በረኪና ውስጥ ዘፍዝፉት፤ ከዚያ ቅበሩት። ብልቃጡ የልጆች መጫወቻ እንዳይሆን።

እጃችሁን እስክትታጠቡ ዓይናችሁን አትሹ። ይህ ቫይረስ የሰውን ዓይን ለጥቂት ቀን ሊያቀላና ሊያስለቅስ ይችላል። ከነካችሁ በብዙ ንጹሕ ውሃ እጠቡ፤ ካልተሻላችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ቀኑን፣ የክትባቱን ስም፣ ብልቃጡ ላይ ያለውን የምርት ቁጥርና የዶሮውን ብዛት ደብተር ላይ ጻፉ። ለሁለት ሳምንት አዲስ ዶሮ ወደ ግቢ አታስገቡ። ከዚያም በኋላ ከገበያ የመጣችውን ለብቻዋ ሁለት ሳምንት አቆዩአት።

ነገር ሲበላሽ

*ውሃው በግማሽ ሰዓት አለቀ።* አንዳንዶቹ አልጠጡም። በዓይን ጠብታ ሌላ ጊዜ ለመድገም ባለሙያ አማክሩ፤ ለቀጣዩ ዙር ውሃውንም መጠጫውንም ጨምሩ።

*ከ2 ሰዓት በኋላም ውሃ ተረፈ።* ድፉት። ወይ አልጠሙም፣ ወይ ውሃው በዝቷል። የጠጡት ምን ያህል እንዳገኙ ማወቅ ስለማይቻል መድገም ሊያስፈልግ ይችላል።

*መብራት ጠፋ፣ ፍሪጁ ሞቀ።* ብልቃጡን ወዲያው በረዶ ወዳለው አይስ ቦክስ አዙሩ። ሌሊቱን ሙሉ ሞቆ ያደረ ኤች ቢ ዋን ወይም ላሶታ ግን ይጣል። መልሶ ማቀዝቀዝ የሞተውን አያስነሳም።

*ያልተከተቡት ከተከተቡት ጋር ተቀላቀሉ።* ሁሉንም ድገሙ። ለአንድ ዶሮ ሁለት ጠብታ አይጎዳም፤ ያለ ጠብታ መቅረት ግን ይጎዳል።

*ማስነጠስና የዓይን እንባ አመጣባቸው።* ከ3 እስከ 5 ቀን ቀለል ያለ ማስነጠስ የተለመደ ነው። ቤቱን ከአቧራና ከኩስ ሽታ አጽዱ፤ ነፋስ ይግባ። ከሳምንት ካለፈ ወይም መብላት ካቆሙ ሐኪም ጥሩ።

*ከክትባቱ በኋላ መሞት ጀመሩ።* አንገት መጠማዘዝ፣ ክንፍና እግር መልፈስፈስ፣ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የእንቁላል በድንገት መቆም ካያችሁ ፈንግል ይጠረጠራል። ጭንቅላት ካበጠ፣ ኩክኒው ከጠቆረ፣ ብዙ ዶሮ በአንድ ሌሊት ካለቀ የወፍ ጉንፋንም መጠርጠር አለበት። በዓይን መለየት አይቻልም፤ የሚለየው ላቦራቶሪ ነው። ስለዚህ የታመመችውን «ሳትሞት እንረድ» ብላችሁ አትረዱ፣ አትንጩ፣ ለገበያም አታውጡ። ልጆችን አርቁ። አፍና አፍንጫችሁን ሳትሸፍኑ፣ ጓንት ወይም ፌስታል እጃችሁ ላይ ሳታጠልቁ የሞተ ዶሮ አትንኩ።

ለወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ በዚያው ቀን ደውሉ። ናሙና ወደ ሰበታው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ወይም ወደ ክልል ላቦራቶሪ የሚልኩት እነሱ ናቸው። ለናሙና አዲስ የሞተች ዶሮ ስለምትጠቅም ሁሉንም ከመቅበራችሁ በፊት ጠይቋቸው። ደብተራችሁን አሳዩአቸው፤ የክትባቱ ቀንና የምርት ቁጥሩ ችግሩ የት እንደሆነ ለመለየት ይረዳቸዋል። የቀሩትን ሬሳዎች ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ቅበሩ። ውጤቱ እስኪታወቅ ከግቢው ዶሮም፣ እንቁላልም፣ ኩስም አይውጣ።